ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ቦይለር

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡና ሦስት ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገላቸው ቦይለር ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ልጆቻቸው «ከአንድ ሰው ብቻ እንዳትጠይቂ» ብለው ስለመከሯቸው ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበዋል፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሁለቱ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን። «ሦስቱም ቦይለር ነው የሚሉት፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። እስቲ እየው፣ የትኛው ነው ሊዘርፈኝ የፈለገው?» አሉኝ።

የትኛውም አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ዋጋ የጻፉት ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው። ድምሩ ከታች ተለቅ ብሎ ስለሚጻፍ ዓይናችን መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ ከድምሩ በላይ ሳይጻፍ የቀረውን ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ እኛው ነን የምንከፍለው።

ዋጋውን በብር አልጽፈውም፤ ይህን እስክታነቡት ያረጃል። ዝቅተኛውን፣ የአዲስ አበባውን፣ 100 ብንለው ሁለተኛው 128፣ ሦስተኛው 155 ነበር። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ቦይለር የምንለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የመታጠቢያ ውሃ በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውን ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ «ቦይለር ላስቀይር ነው» ቢላችሁ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እዚያ በብዙ ቤት ያለው ከመንገድ በቧንቧ የሚገባ ጋዝ እያቃጠለ ውሃውንም በየክፍሉ የተተከለውን ራዲያተርም የሚያሞቅ መሣሪያ ነው፤ መግጠም የሚፈቀድለትም በሕግ የተመዘገበ የጋዝ ባለሙያ ብቻ ነው። ደህና ባለሙያ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ክፍሉን ቆጥሮ፣ መስኮቱንና ግድግዳውን አይቶ ስንት ኪሎዋት እንደሚበቃ ያሰላል። ጋዙ እኛን አይመለከተንም፤ ይህ ልማድ ግን ቢመለከተን መልካም ነበር። ለጎረቤቴ ከጻፉት ሦስት ሰዎች መታጠቢያ ቤቱን ገብቶ ያየው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሁለቱ በስልክ ጠይቀው ነው የጻፉት።

ለመሆኑ መቀየር አለበት?

ከፕሮፎርማው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ቦይለር ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። በአረፋ ተሸፍኖ ከላዩ ቆርቆሮ የለበሰ የብረት ታንክ አለ። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋው ቴርሞስታት፣ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ፣ እነዚህን ሁሉ የያዘው ክዳንና ውሃ እንዳያፈስ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አሉ። ከታንኩ በስተቀር ሁሉም ለየብቻው ይቀየራል፤ ወጪውም ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ስለዚህ ምልክቱን ማየት ነው። ውሃው ጨርሶ ካልሞቀ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሬዚስታንሱ ወይም ቴርሞስታቱ ነው። ቦይለሩ ሲበራ ብሬከር እየመታ የሚያጠፋ ከሆነ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶት ይሆናል። ውሃው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ፤ ነገ አይባልም። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ፣ ሥሩን በጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ በባትሪ መብራት እያያችሁ ጠብታው ከየት እንደሚነሳ ጠብቁ። ከክዳኑ ዙሪያ ከሆነ ጓርኒሲዮን ነው። ከሴፍቲ ቫልቩ ከሆነ ብልሽት ላይሆንም ይችላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከቆርቆሮው መጋጠሚያ የዛገ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ግን ታንኩ ተበልቷል፤ የተበላ ታንክ በብየዳ አይድንም።

የጎረቤቴ የመጨረሻው ዓይነት ነበር። እንዲህ የሚሆነው የማግኒዚየሙ ዘንግ ሲያልቅ ነው። ማግኒዚየም ከብረት ቀድሞ የሚበላ ማዕድን ስለሆነ በታንኩ ፋንታ ራሱን ያስበላል፤ እሱ ካለቀ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከፍቶ ማየት ይገባል ይባላል። እኔ ራሴ የቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በስድስተኛው ዓመት ነው፤ ከዘንጉ የቀረው መሐል ለመሐል የሚያልፈው ሽቦ ብቻ ነበር። በዚህ ጉዳይ ሰው ለመምከር አፍ የለኝም፤ ዕቃው ሲገዛ ግን መለዋወጫ ዘንጉ እዚሁ ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ።

ስንት ሊትር?

የአዲስ አበባው ፕሮፎርማ ባለ 50 ሊትር ነው፤ ሁለቱ የደብረ ብርሃኖቹ ባለ 80። ጎረቤቴ ይህን ልዩነት አላዩትም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ በአንዲት ትንሽ ቁጥር ነው የተጻፈው።

እዚህ ላይ አገሩ ራሱ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥር ሌሊት ሮቶ ውስጥ ያደረው ውሃ ጠዋት 12 ዲግሪ ነው እንበል። ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ይዘን ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ 24 ዲግሪ ነው እንበል። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ቦይለራቸው ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

በ60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሰውነት ላይ አይፈስም፤ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ወደ 39 ዲግሪ ይወርዳል። የደብረ ብርሃን ውሃ ስለሚበርድ ጥቂት ቀዝቃዛ ሲጨመርበት ሙቀቱ ቶሎ ያልቃል። ባለ 50 ሊትሩ ቦይለር እዚህ ቢበዛ 89 ሊትር መታጠቢያ ውሃ ይሰጣል፤ ያው ቦይለር ሸዋ ሮቢት ቢሰቀል 120 ሊትር። ባለ 80ው እዚህ 142 ሊትር ይሰጣል። ይህ በወረቀት ነው፤ በተግባር ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር እየገባ ስለሚቀላቀል ከዚህ ያንሳል። አንድ ሰው ሳይቸኩል ሲታጠብ ወደ 40 ሊትር ይጨርሳል። እንግዲህ ባለ 50ው እዚህ ለሁለት ሰው ነው፣ ባለ 80ው ለሦስት። የጎረቤቴ ቤት በአዘቦት ሁለት ሰው ነው የሚኖርበት፤ በበዓል ግን ልጆቻቸው ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ሸዋ ሮቢት ያለች እህታቸው «ባለ 50 እኮ ተርፎን ያድራል» ማለቷ እውነት ነው፤ ለእሷ ውሃ።

ስለ ዋትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ባለ 2,000 ዋቱ ቆጣሪ ይበላል፣ ባለ 1,500ው ይሻላል» ይባላል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ በትልቅ ሬዚስታንስም በትንሽም ያው ነው። 80 ሊትሩን ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በ1,500 ዋት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ በ2,000 ሁለት ሰዓት ከሩብ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው የምትጠብቁት ጊዜ ነው። በየቀኑ አንድ ጊዜ ሙሉውን ብታሞቁ በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ ይህ ቀላል አይደለም። ቀን ከሌት ሳይጠፋ የሚውል ቦይለር ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት ሙቀቱ በአካሉ እያመለጠ ተጨማሪ ይበላል፤ ብርዱ በከፋ ቁጥር ያመልጣል። የአረፋውን ውፍረት ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ምን ይሆናል? ኃይሉ ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ ባለ 1,500 ዋቱ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ሦስት ሰዓቱ አራት ተኩል ይሆናል። ከዚህ ተነስቶ አንዱ ፕሮፎርማ «ስታብላይዘር» ጨምሮበት ነበር። አስወጣነው። ሬዚስታንስ ዝቅ ባለ ኃይል ይዘገያል እንጂ አይቃጠልም፤ ዲጂታል ሰሌዳ ያለው ቦይለር ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር።

ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች የሚያስቡት ያ ሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያም አለ። 5,500 ዋት ያለው ዓይነት የደብረ ብርሃንን ውሃ ከ12 ወደ 38 ዲግሪ ሲያደርስ በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ቀጭን ጅረት ሥር መንቀጥቀጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ በደቂቃ 5.6 ሊትር ይሰጣል፤ እዚያ ደህና ዕቃ ነው። በዚያ ላይ 25 አምፒር ስለሚጎትት በስስ ገመድ አይሆንም፤ ባለ 6 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ከቆጣሪው ድረስ ይፈልጋል። የገመዱ ዋጋ ሲጨመር ርካሽነቱ ይጠፋል።

ያልተጻፈው

የመጀመሪያው ወረቀት «ቦይለር ከነመግጠሚያው» ይላል። መግጠሚያው ምንድን ነው? ስንደውል የእጅ ዋጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገመድ፣ ብሬከር፣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ፍሌክሲብል፣ መስቀያ ሁሉ «እዚያው ከሱቅ ይገዛሉ» ተባልን። ሁለተኛው ሴፍቲ ቫልቩንና የቧንቧውን ዕቃ ጨምሯል፤ ገመድና መስቀያ የለም።

ስለ ገመዱ፦ ባለ 2,000 ዋት ቦይለር 9 አምፒር ይጎትታል፤ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 2.5 ገመድና የራሱ 16 አምፒር ብሬከር ይበቃዋል። ከምድጃው ወይም ከመብራቱ መስመር ላይ መቀጠል አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው አርዙ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ ነው። ሦስተኛው ባለሙያ ቤቱን ሲያይ ቀድሞ የፈተነው እሱን ነበር፤ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ነበረው፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የታጠቡት። ሬዚስታንሱ ቢሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ መውጫው በውሃው በኩል ነበር። መሬት የተቀበረ ዘንግ፣ እስከ ቦይለሩ የሚደርስ የአርዝ ገመድ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር፤ እነዚህ ሦስቱ ፕሮፎርማው ላይ በስማቸው ካልተጻፉ የሉም ብላችሁ ውሰዱት።

ስለ ግድግዳው፦ 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ ከታንኩ ጋር መቶ ኪሎ ያልፋል። መታጠቢያ ቤቱ የተሠራው በብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር እዚያ ባዶ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ለጊዜው ይይዛል፣ አንድ ቀን ሰው ሥሩ ቆሞ እያለ ይለቃል። ግድግዳውን ወጋ አድርጎ የሚያልፍ ረጅም ቡሎን ከወዲያ በኩል በወፍራም ላሜራ ማሰር፣ ወይም መሬት ላይ የሚቆም የብረት እግር ማስበየድ ያስፈልጋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግን መጻፍ አለበት።

ሴፍቲ ቫልቩን ደግሞ ቃል ስለገባሁ ላብራራ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 80 ሊትር ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል፤ መውጫ ከሌለው ታንኩን ይገፋል። ቫልቩ ግፊቱ ሲበዛ ጥቂት ጠብታ ይለቃል፣ ቴርሞስታቱ እንቢ ብሎ ውሃው ያለ ልክ ቢሞቅም መተንፈሻው እሱ ነው። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ እንግዲህ ሥራው ነው። ጠብታው አስቸገረን ብለው አፉን በፕላስቲክ የሚደፍኑ ሰዎች አይቻለሁ። ታንኩን ቦምብ ማድረግ ነው። ደህና ባለሙያ ከቫልቩ አፍ ወደ ፍሳሹ ቀጭን ቱቦ ያወርዳል፤ እሱንም አስጽፉ።

ቫት ቀላሉ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ያሳስታል። 15 በመቶ ነው፤ አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ከጻፈ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቆሙም። የአዲስ አበባው በትንሹ «ቫትን አይጨምርም» ይላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በ100 ላይ ቫቱ 15፣ ገመድ ከነብሬከሩና ከነአርዙ 12፣ ቫልቭና የቧንቧ ዕቃ 6፣ መስቀያ 4፣ አሮጌውን ማውረጃ 3 ሲጨመር 140 ሆነ፤ ያውም በባለ 50 ሊትር። ለባለ 80 ጻፉልን ስንላቸው 151። ሁለተኛው 128 ላይ ገመዱ 12፣ መስቀያው 4 ተጨምሮ 144። ሦስተኛው ሁሉን ይዞ ስለነበር 155 ላይ ቆመ። የሃምሳ አምስት ልዩነት የነበረው አሥራ አንድ ሆነ፤ ርካሹም ሌላ ሰው ሆነ።

ይህን ያገኘነው በክርክር አይደለም። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የምንፈልገውን ሥራ ራሳችን ጽፈን ለሦስቱም አንድ ዓይነት ላክን፤ ሊትሩን፣ ዋቱን፣ የታንኩን ዓይነት፣ ገመዱን፣ አርዙን፣ መስቀያውን፣ ቫልቩን፣ ቫቱን። «ኦሪጅናል ጣልያን» የሚለውን ቃል አልተቀበልንም፤ የአምራቹ ስምና የሞዴሉ ቁጥር ይጻፍ አልን፤ ዕቃው ሲመጣ አካሉ ላይ ከተለጠፈው ጋር እንዲመሳከር።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። «2 ዓመት ጋራንቲ» ሲባል የታንኩ ነው፣ የሬዚስታንሱ ነው ወይስ የገጠማው? ብዙ ጊዜ የታንኩ ብቻ ነው። ደግሞስ ሲበላሽ ማን ይመጣል? የአዲስ አበባው «ይዘውት ይምጡ» አለ፤ ቦይለር ከግድግዳ አውርዶ 130 ኪሎ ሜትር መውሰድ ዋስትና አይባልም። ክፍያውን በተመለከተ እኔ የማምነው የዕቃው ሲመጣ፣ የእጁ ደግሞ ቦይለሩ ተሞልቶ፣ ሞቆ፣ አንድ ሌሊት ሳያንጠባጥብ ካደረ በኋላ ነው።

ሶላርስ? ተብዬ ነበር። ከመስከረም እስከ ግንቦት ፀሐይ እዚህ አትጠፋም፤ ሶላር ደህና ነገር ነው። ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ገብስ የሚያቃጥል ነው፤ በጣሪያ ላይ ያደረ ውሃ በረዶ የሆነበት የመዳብ ቧንቧ ይፈነዳል። የቫኪዩም መስተዋት ቱቦ ያለው ዓይነት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ወደ ቤት የሚወርደው ቧንቧ መሸፈን አለበት። ለሐምሌና ለነሐሴ ደመና መጠባበቂያ ሬዚስታንስ ይፈልጋል፣ ከ150 ሊትር በላይ ውሃ የሚሸከም የጣሪያ ብረትም እንዲሁ። እነዚህ የሌሉበት የሶላር ፕሮፎርማ ሲታይ ርካሽ ነው።

የሲሊንደር ጋዝ ማሞቂያን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ከሰል ተዘግቶበት ሰው የሚገድለው ሽታ የሌለው ጋዝ ከእሱም ይወጣል።

እኔ ብሆን ሦስተኛውን እወስድ ነበር፤ አርዙ አለመኖሩን ያገኘ ሰው በአሥራ አንዱ ልዩነት ይገባዋል ብዬ። ጎረቤቴ ሁለተኛውን መረጡ። «እናቱ ማኅበርተኛዬ ናት፤ ቢያበላሽ የት ይገባል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ከየትኛውም የጋራንቲ ወረቀት የጠነከረ ነው። ልጁም ግማሽ ገጹን ወረቀት ይዞ መጥቶ አንድ በአንድ ሠራው፤ የአርዙን ዘንግ ሲቀብር እኔ ቆሜ አየሁ።

ሦስተኛው ባለሙያ ወረቀቱ ግርጌ ላይ «አሮጌውን በነጻ እናነሳለን» ብሎ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ሲያነቡ ነው የሳቁት። ቅዳሜ ቆራሌውን ጠሩት፤ በኪሎ ሊገዛ ተስማማ። ውስጡ የቀረው ውሃና ኖራ ከመመዘኑ በፊት ይፍሰስ ወይስ አይፍሰስ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ።